ብረቱ ካልቀዘቀዘ

«እነዚያማ ምን ተነኩ! የታሸገው የተናገረው ቤት ነው እንጂ…»

ይህን ያለው ሰው ማን እንደ ነበረ እስካሁን አታውቅም። ያኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትኩሳት ይዟት በቀን ከመጋረጃ ኋላ ተኝታለች። ተኝታለች ተብሎ ታሰበ እንጂ አልተኛችም። ከመጋረጃው ወዲያ አባቷና አንድ ድምፁ የጎረነነ እንግዳ ይጨዋወታሉ። ነገሩ የበሽታ ነገር ነበር መሰል። አንድ ሹም ከቤት ቤት እየዞረ «የታመመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም «ኧረ እግዜር ይጠብቀን» ይላል፤ አንድ ቤት ብቻ «አዎ፣ አለ» ይላል። ወይስ የተጠየቀው ስለ ከብት ነበር? እሱም ተምታቶባታል። አባቷ «ታዲያ እውነት የተናገረ ሰው…» ብሎ ሲጀምር ዝናብ ቆርቆሮውን ያዘው። የቀረውን ዝናብ በላው።

እንዲህ ያለ ግማሽ ወሬ በሰው ጆሮ ውስጥ ስንት ዓመት ይቀመጣል? በእሷ ጆሮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ጆሮዋ ደግሞ መተዳደሪያዋ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። ሰው ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ፣ ቁጥር ሲያሳስት፣ በሞት የተለየውን ወንድሙን ቁጥር ሲጠይቅ በትዕግሥት ስትሰማ ኖራ፣ አንድ ቀን በወንበሯ ላይ «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» የሚል፣ የማይደክመው ድምፅ ተቀመጠበት። «ከሥራ ያስወጣችኝን ሴት መልኳን እንኳ አላውቀውም» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሥራ የለም።

ልጇ ኮሌጅ ጨርሳ የጣለችውን አሮጌ ላፕቶፕ አነሣች። ሦስት ቁልፎቹ ወልቀዋል፤ እነዚያን በእርሳስ ጫፍ እየወጋች ትጽፋለች። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሰች፤ ያልገባትን ደግማ፣ ደግማም ያልገባትን ጽፋ፣ አራት ዓመት ሙሉ አስተማሪም ተማሪም ራሷ ሆና ሰንጠረዥ ማጽዳት፣ ግራፍ መሣል፣ ከቁጥር ክምር ውስጥ ነገር ፈልፍሎ ማውጣት ተማረች። ልጇ «እማ፣ ለእኔ ያልሰጠሽኝን ትዕግሥት ለዚህ ሳጥን ሰጠሽው» ትላታለች። ጸሎቷ አጭር ነበር፦ «ጌታዬ፣ ዓይኔን ክፈትልኝ፤ ወንበርም አታሳጣኝ።»

አሥራ ሰባት ቦታ አመለከተች። አሥራ ስድስቱ ደርሶናል እንኳ አላሏትም። አሥራ ሰባተኛው የካርቶን ፋብሪካ ነበር። በአርባ ሦስት ዓመቷ የመረጃ ተንታኝ ተባለች፤ የሦስት ወር ሙከራ ያለባት።

ቢሮዋ ፎቅ ላይ ነው። በትልቅ መስታወት ወደ ታች ሲያዩ የማሽኑ አዳራሽ ይታያል፦ በአንድ ጫፍ ጥቅል ጥቅል ወረቀት ይገባል፤ በመካከል በእንፋሎት የሚግሉ የብረት ከበሮዎች ይሽከረከራሉ፤ ሙጫው ይቀባል፤ በሌላው ጫፍ ካርቶን ይወጣል። የሙጫው ሽታ፣ የተቀቀለ ዱቄት የሚመስለው፣ ደረጃውን ወጥቶ ወረቀቷ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያው ቀን እንደ ቆመ ነው ያነጋገራት። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው አይደለም።

«እህቴ፣ እኔ ብዙ ቁጥር አልወድም። ይህ ማሽን እየቆመ ጨረሰን። ማን እንደሚያቆመው አንድ ቁጥር ስጪኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው።»

«ለምን» ሳይሆን «ማን» ማለቱን ያን ቀን ልብ አላለችውም።

በፋብሪካው ሦስት ፈረቃ አለ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ፎርማን ሥር ናቸው። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ፎርማኑ የቆመበትን ሰዓት፣ የተነሣበትን ሰዓትና ምክንያቱን በአንድ ቅጽ ላይ ይሞላል። የስድስት ወር ቅጽ በካርቶን ታጭቆ ተሰጣት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቷን ደፍታ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችው። የአንደኛውና የሦስተኛው ፈረቃ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል። የሁለተኛው ግን እንደ ጨሌ የተሰካካ ነው፤ ከሰዓቱ ደቂቃው፣ ከደቂቃው ምክንያቱ። በደረጃው የሚያልፉት ሠራተኞች ያንን ሁሉ ወረቀት ከፊቷ ሲያዩ ስም አወጡላት፦ እትዬ ሰንጠረዥ።

ረቡዕ ጠዋት ሪፖርቷን አቀረበች። ሥራ አስኪያጁ፣ ሦስቱ ፎርማኖች፣ የክፍል ኃላፊዎች ነበሩ። ግራፉን ግድግዳው ላይ አበራችው። ሦስት ዘንጎች ናቸው። አንደኛ ፈረቃ በስድስት ወር መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ሦስተኛው ዘጠና ሰባት። ከመካከላቸው የሁለተኛው ፈረቃ ዘንግ እንደ ጭስ ማውጫ ብቻዋን ቆማለች፦ ስምንት መቶ አርባ ስድስት።

አንድ ሰው አፏጨ።

«የፈጣሪ ያለህ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስምንት መቶ! ይሄ ፈረቃ ነው ወይስ ማረፊያ ቤት?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የአንደኛው ፈረቃ ፎርማን፣ በእጁም በምላሱም ፈጣን ስለ ሆነ ቀልጣፋው የሚሉት፣ ወደ ኋላ ዞሮ ጮኸ፦

«ጋሽ ሰዓት! ማሽኑን ነው ወይስ ሰዓትዎን ነው ሲሞሉ የሚውሉት?»

ጋሽ ሰዓት የሁለተኛው ፈረቃ ፎርማን ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ስሙ የወጣላቸው «ደህና ዋሉ?» ሲሏቸው እንኳ መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ዓይተው ስለሚመልሱ ነው። በሩ አጠገብ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ምን ይላሉ ጋሼ?» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አሉ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«ሰማችሁ? እሳቸውም አመኑ!» ሥራ አስኪያጁ እጁን በእጁ መታ። «እንግዲያው ምን እንጠብቃለን? ከሰኞ ጀምሮ ጋሽ ሰዓት ወደ ቁራጭ ወረቀት ግቢ ይዛወራሉ። የፈረቃው ሠራተኞች ለሁለት ይከፈሉ፤ ግማሹ ለቀልጣፋው፣ ግማሹ ለሦስተኛው ፈረቃ፣ ለእንቅልፌ። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ የሙከራ ጊዜሽ ዛሬ አልቋል በይ። ሥራ ማለት ይሄ ነው!»

ተንታኟ ክው አለች። ሪፖርቱ የመጀመሪያ ነው፤ ከዚህ በኋላ ይጠያየቃሉ፣ ይመረምራሉ፣ «ለምን ይሆን?» ይባላል ብላ ነበር። ሰው በአንድ ግራፍ፣ ያውም በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት ቦታው ይነሣል ብላ በሕልሟም አላሰበች። «እኔ እኮ…» ልትል አፏን ስትከፍት አጨበጨቡላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨበጨበላት ያን ቀን ነው፤ ጭብጨባው እንደ ጥፊ ጆሮዋን አጮለው። ቀና ስትል ጋሽ ሰዓት ሰዓታቸውን ዓይተው፣ ቆባቸውን አጥልቀው፣ ወጥተዋል።

ራት ላይ ልጇ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

«እማ! ቋሚ ሠራተኛ! በአንድ ወር! ምነው ፊትሽ ታዲያ እንደ ለቅሶ ቤት?»

«ሰውየው አልተከራከረም እኮ።»

«ጥፋተኛ ስለ ሆነ ነዋ።»

«ጥፋተኛማ ሲሆን ነው የሚከራከረው ልጄ። ሃያ አንድ ዓመት ሰምቻቸዋለሁ፤ ጥፋተኛ ሰው ሳይጠየቅ ነው ማስረዳት የሚጀምረው። የሳቸው ድምፅ የጥፋተኛ ድምፅ አይደለም።»

«አሁን ደግሞ በድምፅ ልትተነትኚ ነው?» ብላ ልጅቷ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገባች። አንድ ያላየችውን ነገር ልታይ ፈለገች፦ እያንዳንዱ ፈረቃ ስንት ካርቶን አመረተ? ከመጋዘን ዝርዝሩን አስመጣችና አስቀመጠችው። ሦስቱ ፈረቃ እኩል ለእኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። እንዲያውም የጋሽ ሰዓት ፈረቃ በትንሹ ይበልጣል።

ዓይኗን አሸች። ከሰባት እጥፍ በላይ እየቆመ እንዴት እኩል ያመርታል? ድምሩን ደገመችው። ያው ነው። ሰለሰችው። ያው ነው።

ከዚያ ማሽኑ በቆመ ቁጥር የፈጀውን ጊዜ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደረደረችው። የጋሽ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ይጀምራል፤ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ እያለ ይወጣል። የአንደኛው ፈረቃ ግን ከሃያ አንድ ነው የሚጀምረው። የሦስተኛው ከሃያ። ከሃያ ደቂቃ በታች በሁለቱ ፈረቃ፣ በስድስት ወር ውስጥ፣ አንድም የለም። አንድም! ማሽን እንዴት ያለ ነፍስ ያለው ነገር ቢሆን ነው በአንዱ ፎርማን እጅ ለሁለት ደቂቃ የሚቆመው፣ በሌላው እጅ ግን ሃያ ካልሞላ አልቆምም የሚለው?

ሦስት ሳምንት ይህን ሰንጠረዥ ስትዳብስ ከርማ ይህ ጉድጓድ አልታያትም። ዓይኗ ያየው የቆመበትን ብዛት ነው፤ አንድ ቁጥር ተባለች፣ አንድ ቁጥር ፈለገች፣ አንድ ቁጥር አገኘች። ከወንበሯ ተነሣች። ከዚያ ደረጃውን ወረደች። በመስታወቱ አራት ሳምንት ቁልቁል ስታይ ከርማ በዚያ ደረጃ ወደ አዳራሹ ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። ቆጠረችው።

የቀልጣፋው ፈረቃ ላይ ነው። ጫጫታው ደረት ይመታል። ገና ጥግ ይዛ ሳትቆም፣ ጧ! ወረቀቱ ተበጠሰ፤ ማሽኑ እየተጎተተ ቆመ። ሰዓቷን አየች። ሠራተኞቹ እንደ ንብ ተሯሯጡ፤ የተበጠሰውን ቆርጠው፣ አዲሱን ጫፍ በከበሮዎቹ መካከል አሾልከው፣ ሙጫውን ጠርገው። ቀልጣፋው የእጁን ጀርባ ከበሮው አጠገብ አስጠጋና ሰበሰበው።

«ትኩስ ነው! ልቀቁት!»

ማሽኑ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ። ቅጹ በምሰሶው ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ ማንም ወደዚያ አልሄደም።

«አትጽፈውም?» አለችው ተጠግታ።

«ምኑን እትዬ?»

«የቆመውን።»

ቀልጣፋው እንደ ሕፃን ልጅ አያት። «መቼ ቆመ? ብረቱ አልቀዘቀዘም እኮ!»

«ብረቱ?»

«ከበሮው። ብረቱ ካልቀዘቀዘ ቆመ አይባልማ። ትንሽ ሲያነጥሰው ሁሉ ቆመ እያልን ብንጽፍ መቼ እንሠራለን? እኔን ያስተማረኝ ፎርማን እንዲህ ነው ያለኝ፤ እሱን ያስተማረውም እንዲሁ። እንቅልፌም ከእኔው ጋር ነው የተማረው።»

«ለመቀዝቀዝ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሃያ። ግፋ ቢል ሃያ አምስት።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ምነው ደነገጡ? ግራፉ ላይ ሊሰቅሉኝ ነው እንዴ?»

በፊቱ ላይ የውሸት ጥላ ፈለገች፤ የለም። ያስደነገጣት ይኸው ነው። ሌባ ያለ መስሏት ወርዳ ነበር፤ ሌባ ቢገኝ እንዴት በቀለላት! አንድም ሰው አልዋሸም። እነዚህ በእጃቸው ለኩ፣ ያኛው በሰዓቱ ለካ፤ ሁለቱን ያለ አንዳች ጥያቄ ደምራ፣ በቀለም አስውባ፣ ግድግዳ ላይ ያበራችው እሷ ናት።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ተቀየረና ጋሽ ሰዓት ገቡ። ከጥቅል ወረቀቶቹ መካከል አገኘቻቸው፤ በመዳፋቸው አንዱን ጥቅል እየዳበሱ ነው።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

ሰዓታቸውን አዩ። «ምኑን?»

«እነሱ ብረቱ ካልቀዘቀዘ እንደማይጽፉ።»

«ይህን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ማን አለ?»

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ባልደረቦቼ አይጽፉም ልበል? ክስ አይሆንም? የተጠየቅኩት ‹ምን ይላሉ› ተብዬ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ልክ ነው አልኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም።»

«አንቺም አልጠየቅሽኝም» አሉ።

ያለ ቁጣ ነው ያሉት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሰው በመስማት የኖረች ሴት፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማንንም ድምፅ ሳትሰማ ሰው ፈረደች።

«እርስዎ ግን ለምን ይጽፋሉ? ብቻዎን?»

«ቅጹ ‹የቆመበት ሰዓት› ይላላ። ‹የቀዘቀዘበት› አይልም።» ጥቅሉን መታ መታ አደረጉት። «ስትጽፊው ደግሞ ይነግርሻል። ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ የሚበጠሰው ከግድግዳው በኩል የተቀመጠው ጥቅል ሲገባ ነው፤ ርጥበት ይስባል። ይህን ያወቅኩት ከእነዚያ ከሁለት ሁለት ደቂቃዎቹ ነው። ስለዚህ ሳይገባ አገላብጬ አናፍሰዋለሁ። ቢበጠስም ቶሎ ይነሣል።»

እሷ አራት ዓመት ተምራ ያልሠራችውን ትንተና እኚህ ሰው በእርሳስና በአሮጌ ሰዓት ሠርተውታል፤ እሷ ደግሞ በዚያው ጽሑፋቸው አስነሣቻቸው። የታሸገው የተናገረው ቤት ነው እንጂ… ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የጎረነነ ድምፅ በጆሮዋ ተመለሰ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል ጋሼ» አለች።

«ይጠራል። ሰኞ ግን ቀድሞ ይደርሳል» አሏት፤ ወደ ማሽናቸውም ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች። አሁንም ቆሞ ነው የሰማት። ስትጨርስ ግን ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«እና ያቺ ረጅም ዘንግ ውሸት ናት?»

«ዘንጓ እውነት ናት። ያልተሞሉት ከጎንና ከጎኗ ያሉት ናቸው። አሳስቼዎታለሁ። ሳልጠይቅ ነው የደመርኩት።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው አንቺም አልተናገርሽም፣ እኔም አልሰማሁም። ሪፖርትሽን ለባለቤቶቹ ልኬዋለሁ። የዝውውር ደብዳቤው ተፈርሟል። ያንቺም የቅጥር ደብዳቤ ይኸው» ብሎ በጣቱ ወረቀቱን መታው። «ሰውየው ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ግቢው ጥላ አለው፣ ሥራውም ቀላል ነው። ማን ተጎዳ?»

እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው አፍ ይነገራል? ወረቀቱን አየችው። በሱ ላይ ስሟ፣ ከስሟ ሥር ሙያዋ ተጽፏል። አራት ዓመት የለመነችው ወንበር ነው። በልቧ «ጌታዬ፣ ይህን ነው እንዴ የሰጠኸኝ?» አለች። ከዚያ በስልኩ ወንበር የተማረችውን አደረገች፤ ዝም ብላ ጠበቀች። ዝም አይነቅዝም። ሰው ደግሞ በዝምታ ፊት ብዙ አይቆምም።

«ምነው? ተናገሪ እንጂ!»

«ግራፉ ሳይስተካከል ይህን አልፈርምም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሰኞ ደግሞ ሁለተኛ ሪፖርት ቢሉኝ በምን ላይ ቆሜ እሠራዋለሁ? ማሽኑስ ለምን እንደሚቆም ማን ይነግርዎታል? የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ወደ ቁራጭ ግቢ እየላኳቸው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሸ።

«በሰው ፊት የሰጠሽውን በሰው ፊት ትመልሻለሽ? በራስሽ አፍ?»

«በራሴ አፍ።»

«ጥሩ። ነገ በፈረቃ ቅያሪ ሁሉንም እጠራለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ያንቺ ‹ይመስለኛል› ለባለቤቶቹ መልስ አይሆነኝም። ሁለቱ ፎርማኖች በሰዓት ለመጻፍ እሺ ካሉ ደብዳቤውን አቆየዋለሁ። እምቢ ካሉ ሰኞ ሰኞ ነው። ያንቺም ጉዳይ ከሳቸው ጋር አብሮ ይሄዳል።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት በማሽኑ አጠገብ ተሰበሰቡ። ማሽኑን ለቅያሪው አቁመውታል፤ ከበሮዎቹ እየጮሁ ይበርዳሉ። እንቅልፌ፣ የሦስተኛው ፈረቃ ፎርማን፣ ከአልጋው ተጎትቶ መምጣቱ በፀጉሩ ያስታውቃል። ጋሽ ሰዓት ከምሰሶው አጠገብ ቆመዋል። ተንታኟ ግራፉን በትልቅ ወረቀት አትማ ይዛዋለች።

«ረቡዕ ያጨበጨባችሁልኝ ይህ ነው» አለች። «ተሳስቻለሁ። በክንድ የተለካን ጨርቅና በሜትር የተለካን ጨርቅ ደርቦ እንደሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ነው የሆንኩት። ጋሽ ሰዓት የሚጽፉት ማሽኑ የቆመውን ሁሉ ነው፤ ሁለታችሁ የምትጽፉት ብረቱ የቀዘቀዘበትን ብቻ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ አንድ ላይ አቆምኳቸውና ሰው ላይ ፈረድኩ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ሰዓት ሰዓታቸውን አዩ፤ አንገታቸውንም ነቀነቁ።

«ቆይ ቆይ» አለ ቀልጣፋው፣ ፊቱ ቀልቶ። «ረቡዕ ጎበዞች ነበርን፤ ቅዳሜ ቀጣፊዎች ሆንን ማለት ነው?»

«ማንም አልቀጠፈም። እንደ ተማራችሁት ነው የጻፋችሁት።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምባለው?»

«ሁለት ሳምንት በሰዓት ጻፍ። ሁለት ደቂቃም ብትሆን።»

«አሃ!» ቀልጣፋው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? እኔ በገዛ እጄ ገመዱን አንገቴ ላይ ላጠልቅ! ዛሬ መቶ አሥራ ሁለት ነኝ፤ በሰዓት ስጽፍ ስምንት መቶ እሆናለሁ። ያን ጊዜ ወደ ቁራጭ ግቢ ማን ሊሄድ ነው? ይሄ!» ደረቱን መታ።

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። እሱ ጫማውን አየ። ቀልጣፋው እውነቱን ነው፤ ረቡዕ በገዛ ዓይኑ ያየውን ነው የሚፈራው። ያስፈራችው ራሷ ናት።

«ከእንግዲህ በሪፖርቴ ላይ የፈረቃ ዘንግ አይኖርም» አለች። «የምክንያት ዘንግ ነው የሚኖረው። ርጥበት ስንት ጊዜ አቆመው፣ ሙጫ ስንት ጊዜ፣ ቢላ ስንት ጊዜ። ማን ሳይሆን ለምን።» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎም ይህን አሁን፣ እዚሁ፣ ይበሉልን።»

እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደ መጣላት አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሁለት ሳምንቱ ቁጥር ማንም ከቦታው አይነሣም» አለ፣ ቃሉ እንደ ጥርስ እየተነቀለ።

«በወረቀት» አለ እንቅልፌ ከኋላ።

«አንተ ነቅተሃል እንዴ?» አለው አንዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«በወረቀት» አለ ሥራ አስኪያጁም።

«እኔ እሱ እሺ ካለ እሺ እላለሁ» አለ እንቅልፌ፣ ቀልጣፋውን በአገጩ እያመለከተ።

ቀልጣፋው ግን አልሳቀም። ወደ ጋሽ ሰዓት ሄደ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲጽፉ ምነው አንድ ቀን አልነገሩን?»

«ስንቴ ነገርኩህ! ‹ጋሼ፣ ሰዓቱ አሳበደዎት› አልከኝ።»

«እሱስ ብያለሁ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «እጄ ወረቀት ውስጥ ገብቶ እያለ ግን መቼ ነው የምጽፈው?»

«ሲቆም አንድ ቁጥር፣ ሲነሣ አንድ ቁጥር። ምክንያቱን ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ትጽፈዋለህ። እንደ ስም መፈረም ነው።»

ቀልጣፋው በክር ወደ ተንጠለጠለው ቅጽ ሄደና ገለጥ ገለጥ አደረገው። የራሱን ገጾች አየ፤ ቀጥሎ በጋሽ ሰዓት እጅ የተጻፉትን። ሥራ አስኪያጁ ኪሱን ይዟል፤ ደብዳቤው እዚያ ነው።

«ሁለት ሳምንት» አለ ቀልጣፋው በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ። በቆመ ቁጥር እጽፋለሁ፤ ሁለት ደቂቃም ብትሆን፣ ስምንት መቶም ብገባ። ስለ ሦስተኛው ሳምንት ግን እንዳትጠይቁኝ።»